ሞራ ገላጮች

ከቲሳ ወንዝ አፋፍ፣ በሀንጋሪ ሜዳ፣
ሁለት ሱቅ ተፋጥጧል እንደ ባለዕዳ።
በዚህ በኩል ቨንደል፣ ሥጋ ሻጩ፣ አለ፣
ያሳማውን ጮማ በርበሬ ቀብቶ የሰቀለ።
ከዚያ ማዶ ደግሞ ኬክ ሻጯ ፒሮሽካ፣
በረዶ ሲሟሟ ስኳር የምትተካ።
በመሀል አምብሩሽ፣ ፖስታ አመላላሽ፣
ጧት ከዚህ ቆራሽ፣ ማታ ከዚያ ጎራሽ።

እሱ በወፈረ ክሱ የነሱ ሆነ፤
«ያንተ ስብ ነው» አለች፣ «ልቡን የደፈነ።»
«ያንቺ ስኳር» አለ፣ ቨንደል እየኮነነ፣
«ደሙን ሽሮፕ አርጎ ጉበቱን የሸፈነ።»

ዶክተር ቼንጌ መጣች፣ መዘነች፣ ሰበከች፤
«ስብ ጠላትህ ነው፣ ተወው» ስትል ጻፈች።
(ከስብከት ላይ እንኳ ስብ የወጣ እንደሆን፣
የሚቀረው «ከት» ነው፤ ያስቅ ይሆን? ይሆን።)

ታዘዘ አምብሩሽ። ጮማውን እርም አለ፣
በዳቦው ላይ ማርማላት ሁለት ጣት ደለደለ።
እርጎው «ስብ የለሽ» ነው፣ በትልቁ የተጻፈ፣
ስኳሩ ከጀርባ በደቃቅ ፊደል ያረፈ።
ባመቱ ሲመዘን ሰባት ኪሎ አተረፈ፤
ዳቦው በቅርጫቱ ሳይከሰስ አለፈ።

ነፋሱ ዞረና ሌላ ወረቀት መጣ፦
«ስብስ ንጹሕ ኖሯል፤ ስኳር ነው ባለጣጣ፤
ዳቦ፣ ድንችና ሩዝ ከቤትህ ይውጣ።»
(በኛ ቋንቋስ ቢሆን፣ ጣፋጩም ሕመሙም
ስኳር ነው የሚባል፤ አልለየም ስሙም።)
ቨንደል ደረት ነፋ። ፒሮሽካ መስኮት ዘጋች።
አምብሩሽ እንቁላሉን በስብ ጠበሰ፣
ያለ ዳቦ በላ፣ ወገቡ ቀነሰ፣
ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገሰገሰ፤
ዘጠኝ ኪሎ ሄደ —

እስከ ኤቴልካ ልደት ድረስ።
ሚስቱ ናት፤ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።
ፒሮሽካ ቤት ገብቶ የቼሪ ኬክ አዘዘ፣
ሁለት ቁራሽ፤ አንድ ለሱ፣ አንድ ለሷ።
የራሱን ጨረሰ። ሳህኗን አየው።
ሲመሽ የሷንም በላው።
ጸደይ ሳይደርስ ዘጠኙ ኪሎ ተመለሰ፣
አሥረኛ እንግዳ አስከትሎ።

እኛ አገር ሞራ ገላጭ የሚሉት ነበረ፤
ያራጁን ቢላ ተከትሎ፣ ሞራውን ለፀሐይ ዘርግቶ
በደም ሥሩ ዝናብ፣ ሠርግ፣ ሞት የሚያነብ።
ሦስቱም ያው ናቸው። ያምብሩሽን ሞራ ገልጠው
አንዱ ስብ አነበበ፣ አንዷ ስኳር፣ አንዷ በየዓመቱ ሌላ።
ሁሉም እውነት ጨልፏል፤ ማሰሮውን የያዘ ግን የለም።
ሆድ ምን ሃይማኖት አለው? የተረፈውን ሁሉ ያከማቻል፣
ከጮማም ይምጣ ከማር፣ እንደ ክፉ ቀን ነጋዴ።
ያላነበቡት ይህን ነው፦
መሥሪያ ቤቱ ትንሿን መኪና ከሰጠው ወዲህ
ብስክሌቱ ጎተራ ገብቶ ጎማው መተንፈሱን፤
በመንደሩም ውስጥ ከነዚህ ሁለት በሮች በቀር
ስሙን የሚጠራ አለመኖሩን።

ነርሷ ጣቱን አየች። ቀለበቱ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል።
«በመጋዝ እንቁረጠው።»
«ጣቴን ቁረጡት» አለ፣ ጫማውን እያሰረ።

ከዚያ ወዲያ ሚዛን አልወጣም።
የብስክሌቱን ጎማ ነፋ። ቨንደል በር ላይ ቆሞ ያወራል፤
ቁራሿ ስስ ናት፣ ወሬው ግን ወፍራም።
ፒሮሽካ ቤትም እንዲሁ፤ አንድ ሹካ፣ አንድ ሰዓት።
ማታ ማታ ጣቱን በሳሙና ያሻል፣
በር እንደሚያንኳኳ ሰው ቀለበቱን ይሞክራል።

ሁለቱ ሱቆች አሁንም ይካሰሳሉ፤
ክሱ ግን ዛሬ «ያከሳሁት እኔ ነኝ» የሚል ነው።

በሚያዝያ አንድ ማለዳ፣ ደብዳቤ ሲያቀብል፣
ቀለበቱ ዞረ።
ግማሽ ዙር ብቻ።
ለማንም ሳይነግር ፔዳሉን ረገጠ።